ሳይገዙ የሚቀመጡበት ቦታ

ቅዳሜ ጧት ኩየራ ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትለያለች። ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር የተዘረጋችው ይህች ትንሽ ከተማ የአድቬንቲስት ኮሌጅ ከተማ ናትና፣ ለብዙ ነዋሪዎቿ ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በማግስቱ እናቶች ልጆቻቸውን የክት ልብስ አልብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ጸሎት ይሄዳሉ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሰንበታቸው ሌላ ቀን የሆነ ጎረቤቶቻቸው ድንች በጆንያ ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ገበያ ያቀናሉ። መንገድ ላይ ይገናኛሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ይተላለፋሉ።

በዚያ ጧት የተሳፈርኩባትን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። እሑድ እሑድ እንደማይሠራ ሲነግረኝ፣ ታዲያ የት ትውላለህ አልኩት።

«የት ይዋላል ጋሼ? ገንዘብ ካለ ሐዋሳ ነው። ከሌለ ዲኤስቲቪ ቤት።»

ይህን መልስ ቃሉ ትንሽ እየተለዋወጠ እስከ አዳማ ድረስ ሰምቼዋለሁ። አዳማ ላይ የሐዋሳን ቦታ ሶደሬ ይወስዳል፤ ባቱ ላይ ላንጋኖ። ቀሪው ያው ነው፤ መዝናናት ወይ ሩቅና ውድ ነው፣ ወይ ቴሌቪዥን ነው። ልጁ አላማረረም። እንደ ክረምትና በጋ፣ የማይለወጥ ነገር አድርጎ ነው የነገረኝ። የከነከነኝም ይኸው ነው።

ምክንያቱም ኩየራ የተቀመጠችበትን አገር ለሚያውቅ ሰው መልሱ አይዋጥም። በሰሜን ምዕራብ በኩል ሻላ ሐይቅ አለ። ሻሸመኔን አልፎ ወንዶ ገነትና ሐዋሳ አሉ። ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ በአጄ በኩል የሰንቀሌ መጠለያ አለ፤ እዚያ የሚግጠው የስዌይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር አይገኝም። ከአርሲ ነገሌ በስተምሥራቅ ፏፏቴ ያለው የሌጲስ ደን አለ። ሁሉም ጧት ወጥተው ማታ የሚገቡባቸው ናቸው። ቦታማ ሞልቷል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ምንም ሳይገዛ ተቀምጦ የሚውልበት፣ በእግሩም በታክሲም የሚደርስበት፣ «ምን ልታዘዝ?» የማይባልበት ቦታ።

ነገሩን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ዳቦ በተወደደበት ዘመን ስለ መዝናናት ማውራት ነውር የሚመስላቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን እንዲህ አላየውም። አንቀጽ 42 ሠራተኛ የዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል። ጊዜው በሕግ ተሰጥቷል ማለት ነው። ጊዜው የሚውልበትን ቦታ ግን ማንም አላሰበበትም፤ ኪስ የሌለው ሰው ሃያ አራቱን ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፈዋል።

ስለ ዲኤስቲቪ ቤቱ ክፉ መናገር አልፈልግም። በትንሽ ብር አንድ መቶ ሰው አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ አርሴናልን ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ያያል፣ ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ ያቺን ቀን የሚያስታውስበት ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ጆተኒውና ፑሉም እንደዚያው። በእነዚህ ቤቶች የሚሸጠው ጨዋታው ብቻ አይደለም። መቀመጫ ነው፣ ጓደኛ ነው፣ ከቤት ውጭ የመሆን ፈቃድ ነው። ልጆቹ ወደዚያ መሄዳቸው ሌላ ስለማያምራቸው አይደለም፤ በእጃቸው ባለው ገንዘብ ከቤት ውጭ ሰው ሆነው የሚቀመጡበት ቦታ ያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ግን አንድ እሑድ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሰው ይዩ። እኅቶቻቸው የት አሉ? አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አንዲት ሦስት ልጆች ያሏት እናት እዚያ ቤት ውስጥ አይታዩም። ጀበና ቡናው ጋ ያለችው ሴት የምትቀዳዋ ናት፤ በርጩማው ላይ የተቀመጠው ወንድ ነው። ሴቷ ከቤት የምትወጣው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለጸሎት ነው። እነዚህ ሁሉ የከበሩ ናቸው፣ ከሰውም ያገናኛሉ፤ ነገር ግን አንዳቸውም ዕረፍት አይደሉም። ሠርግ የሄደች ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ ነው የምትውለው። ስለዚህ ርካሽ መዝናኛ የለም ስንል፣ ለወንዱ ጥቂት አለ፣ ለሴቷና ለሕፃኑ ፈጽሞ የለም ማለታችን መሆኑን በግልጽ መናገር አለብን።

ወደ ሻላ ልመለስ። ያለፈው ዓመት ሁለት የእኅቴን ልጆች ይዤ ሄድኩ። ከኩየራ አርሲ ነገሌ በታክሲ፣ ከነገሌ ወደ ባቱ በሚሄድ ሚኒባስ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ወረድን። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። በበሩ አካባቢ ሰጎኖችና ሚዳቋዎች በግራር ሥር ይግጣሉ። ትንሹ ልጅ ሰጎን አይቶ ስለማያውቅ እንደ ዶሮ ሊያባርራት ሞከረ፤ አጃቢያችን የፓርኩ ስካውት እጁን ይዞ አስቆመው። ከዚያ በእግር ነው። ፀሐዩ ይበረታል፣ አቧራው ጫማ ይሞላል፣ ልጆች ይነጫነጫሉ። ከኮረብታው ጫፍ ሲደርሱ ግን በአንድ በኩል ሻላ፣ በሌላው አብጃታ በአንድ ዓይን ይታያሉ።

ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ይሁኑ እንጂ አይመሳሰሉም። ሻላ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ ጥቁር ሰማያዊ ውኃ ነው። አብጃታ ጥልቀት የሌለው፣ ነጭ ዳር ያለው ገበቴ ነው። ፔሊካኖቹ ይህን ልዩነት ለብዙ ዘመን አውቀው ኖረውበታል። ሰው በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ ይፈለፍላሉ፤ ሻላ ግን ለምግባቸው የሚበቃ ዓሣ የለውምና ኮረብታውን ተሻግረው አብጃታ ያጠምዱ ነበር። ኋላ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣው ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም የራሱን እየወሰደ አብጃታ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ወፎቹ አሁን ለእህል ውኃቸው ወደ ሌሎቹ ሐይቆች ርቀው ይበራሉ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትልቁ፣ «ታዲያ ለምን እዚያው ዓሣ ያለበት አይወልዱም?» አለኝ። ደሴቱ ላይ ቀበሮም ሰውም ስለማይደርስባቸው ነው አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው።

ከሐይቁ ዳር ፍል ውኃ ይንፈቀፈቃል። እረኞች በቆሎ ይቀቅሉበታል። ሁለት ልጆች ከእሸታቸው አካፈሉን፤ እኛም ከያዝነው ዳቦ ሰጠናቸው። ያን ቀን ካወጣሁት ገንዘብ ትልቁ ለታክሲ የሄደው ነው። ለኢትዮጵያዊ የሚጠየቀው መግቢያ ለውጭ አገር ዜጋ ከሚጠየቀው በጣም ያነሰ ነው፤ እሱ አልከበደኝም። የከበደን የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው። የራሱ መኪና የሌለው ሰው ከአስፋልቱ እስከ ውኃው የሚወስደው ነገር የለም። ስንመለስ ትንሹን በጀርባዬ ይዤ ነው አስፋልት የደረስኩት። አያቱን ይዞ ሊመጣ የሚፈልግ ሰው አይሞክረውም። አንድ ሚኒባስ እሑድ ጧት ከአርሲ ነገሌ ተነሥቶ ከኮረብታው ሥር አድርሶ ማታ ቢመልስ፣ ሻላ ለአካባቢው ሕዝብ የሽርሽር ቦታ ይሆን ነበር። አሁን በአብዛኛው መኪና ላለው ሰው ነው።

ቅርብ ያለን ነገር አለማየት ለሻሸመኔም ይሠራል። ከኩየራ በታክሲ ወደ ሻሸመኔ የሚገባ ሰው ሁሉ ጃማይካ ሰፈርን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ለዓለም ጥቁር ሕዝቦች የሰጡት አምስት ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ገደማ መሬት እዚያ ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲገቡ የተቀበላቸው ሕዝብ ወሬ ብዙ ጃማይካውያንን ወደዚህ ሳበ። ቦብ ማርሊ ራሱ በ1971 ዓ.ም. መጥቶ አይቶታል። ከዓለም ዙሪያ ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣበትን ሰፈር፣ አሥር ደቂቃ ያህል ርቀት ላይ የሚኖር ወጣት በመስኮት ብቻ ያውቀዋል። ወርዶ ቢሄድበት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሰላም ቢባባል፣ ከበሮ ቢሰማ ወጪው የአንድ ሻይ ነው። በሰፈሩ ሰዎችና በጎረቤቶቻቸው መካከል የቆየ ዝምታ ያለ ይመስለኛል፤ ለምን እንደቆየ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሁን ስለ ሐዋሳ። ልጁ «ገንዘብ ካለ ሐዋሳ» ሲል ልክም ስሕተትም ነው። ሐዋሳ ሆቴል ለሚያድር ውድ ናት። ነገር ግን የሐዋሳ ሰው ራሱ ከከተማው በጣም የሚወደው ነገር ነጻ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራው የአፈር ግድብ ማንም ሳያቅደው የከተማዋ መንሸራሸሪያ ሆነ። ማታ ማታ በፍቅር ሐይቅ በኩል ባልና ሚስት፣ ተማሪ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ይመላለሳሉ። ቆሎ ሻጭ ያልፋል፤ መግዛትም አለመግዛትም ይቻላል። ጧት አሞራ ገደል ላይ ጀልባዎች ዓሣ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎች አንጀት ሲሻሙ ማየት እንደ ቲያትር ነው። ዛፉ ላይ ጉሬዛዎች አሉ። የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ የሚበላ ይበላል፣ ያልቻለ ያያል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ፤ የጽሑፌ ሁሉ ፍሬ ነገር ይህ ግድብ ነውና። ግድቡ ሁሉም ሊሄድበት የሚችል ረጅም መንገድ ስለሆነ፣ የውኃውም ዳር ለአንድ ባለቤት ስላልተሰጠ ብቻ የሕዝብ ሆነ። ውድ ዕቃ የለበትም። አርክቴክትም አላጌጠውም። በሌሎቹ ከተሞቻችን የሆነው ተቃራኒው ነው። ቢሾፍቱን እንይ። በከተማዋ ውስጥና ዙሪያ እነዚያ ሁሉ ሐይቆች ተደርድረው፣ አብዛኛው ዳርቻቸው በሆቴልና በግል ግቢ ተይዟል። ሐይቁን ለማየት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። ማኪያቶው ለአንድ ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ለስድስት ሰው ቤተሰብ ግን የሳምንት የአትክልት ወጪ ነው። በላንጋኖ ምዕራባዊ ዳርም እንዲሁ፤ ወደ ቡናማው ውኃ የሚያደርሱት በሮች የሪዞርት በሮች ናቸው።

ባለሆቴሎቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርድ ግን አይሆንም። በንጉሡ ዘመን አቶ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆ መስመር ሆቴሎቻቸውን ባይተክሉ ኖሮ ኢትዮጵያዊ ለሳምንት መጨረሻ ወደ ሐይቅ የመውጣትን ልማድ ባልያዘ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆቴል ሥራ ይፈጥራል፣ ዳርቻውንም ይጠብቃል። ጥፋቱ መሬቱን የሚመራው አካል ለሆቴሉ ሲሰጥ ለሕዝቡ አንድ መቶ ሜትር እንኳ አለማስቀረቱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝቡ ቢያንስ እግሩን ውኃው ውስጥ የሚያስገባበት ቀጭን ዳር ሊኖረው ይገባል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣችው ሕግ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት፣ የግልም ቢሆን፣ በእግሩ ሄዶ አየር የመቀበል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእኛ ገጠር ይህን ያለ ሕግ ያውቀዋል። ጎረቤት በማሳ ዳር ሲያልፍ ማን ይከለክለው ነበር? የከለከልነው ከተማ ስንሠራ ነው።

አዳማ ሐይቅ የላትም፤ ምሽት ግን አላት። ቀኑን ያነደደው ፀሐይ ሲገባ ከሸለቆው ነፋስ ይነሣል፣ ሰው ወደ መንገድ ይወጣል፣ ጀበናው በየደጁ ይጣዳል። ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብቶች 34ቱና ኋላ የተጨመሩት 102 የነፋስ ተርባይኖች ሲዞሩ ማየት ለሕፃን ልጅ ትርዒት ነው። በቅርብ ዓመታት በአዳማ፣ በቢሾፍቱና በሻሸመኔ የተሠሩት የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶችም ለዚህ ምሽት መቀመጫ ጨምረውለታል። በዚህ ደስ ይለኛል። ዛፉ ጥላ እስኪሰጥ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ የሌለው መንሸራሸሪያም ሴቷንና ሕፃኑን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ቤት ይመልሳል። እንደ ኩየራ ያሉ ትናንሽ ከተሞችስ መቼ ተራ ይደርሳቸዋል?

ሌጲስ ላይ ያየሁት ነገር ተስፋ ይሰጠኛል። በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳ በፈረስ እስከ ፏፏቴው ይወስዳሉ። የአርሲ ሰውና ፈረስ የቆየ ወዳጅነት ስላላቸው ትምህርት አላስፈለጋቸውም። በአዳባና ዶዶላ ተራሮችም የደን ነዋሪዎች በጀርመኖች እገዛ የጀመሩት ተመሳሳይ ሥራ ነበር። ሁለቱ ቦታዎች በአብዛኛው የተሰናዱት ግን ከሩቅ ለሚመጣ፣ ለፈረንጅም ጭምር ነው። የነገሌ አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ በግማሽ ዋጋ የሚገባበት ቀን ቢኖር፣ ደኑን ነገ ከመጥረቢያ የሚጠብቀው ያ ተማሪ ነው። ሰው ያልረገጠውን ነገር አይጠብቅም። የአብጃታን መሸሽ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የቀረነው፣ አብጃታን ቀድሞ ማን አይቶት ኖሮ ነው? በመንገዱ ላይ የሰላም ስጋት ባለባቸው ወራት ደግሞ እንግዳው ቀድሞ ይቀራል፤ ቦታውን በሕይወት ሊያቆየው የሚችለው የጎረቤት ሰው ብቻ ነው።

ኩየራን ለቅቄ ከመሄዴ በፊት እሑድ ማለዳ ያንኑ ባለባጃጅ ልጅ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አገኘሁት። ወንዶ ገነትን ያውቃት እንደሆነ ጠየቅሁት። ስሟን እንጂ አላያትም። እናቱም አላዩአትም፤ እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አምስት ልጅ አሳድገው። ከሻሸመኔ መናኸሪያ የዎሻ ታክሲ እንደሚይዝ፣ ከዎሻ ፍል ውኃው በእግር እንደሚደረስ፣ ለመዋኛው እንደሚከፈል፣ ከመዋኛው ከፍ ብሎ ኮረብታው ሥር ከምንጩ ዘንድ ግን ሰው ተቀምጦ ምሳውን በፈላው ውኃ እንደሚያበስል ነገርኩት። ዛፉ ላይ ጉሬዛ እንዳለም ጨመርኩለት።

ሰዓቱን አየ። ለጥቂት ጊዜ በጣቱ ቆጠረ፤ እናቱን፣ ሁለት እኅቶቹን፣ ራሱን።

«ምን ያበስላሉ?»

«እንቁላልም፣ በቆሎም።»

«ድንችስ? ድንች ከቤት አለን።»

ይበስላል አልኩት። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ወደ ቤቱ በሚወስደው ቅያስ ገባ፤ ከሩቅ «እማዬ!» ሲል ሰማሁት።